ስምንቱ ብልቃጦች

ቆዩኝማ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ! ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ሳቁ እየቀደመኝ ለማንም በወጉ አውርቼው አላውቅም። ጎረቤቴ ጫልቱ፣ የነገሩ ባለቤት፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች። ታገሱን። ዋናው ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ እዚያ ሳትደርሱ ከተነሳችሁ ምንም አልሰማችሁም።

እኔ የምለው፣ ሊረዳችሁ የመጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ገና ከመኪናው ሲወርድ ያስታውቃል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘመም ያደርጋል፣ ድምፁን ይቀንሳል፤ ደህና ውላችሁ ደህና ያደራችሁ ብትሆኑ እንኳ አስተያየቱ ራሳችሁን ያስጠረጥራችኋል። ጎረቤት ከሆነ “ምነው፣ ምን ሆንሽ?” ይላል፣ ያበቃል። እነዚህኞቹ ግን “ሕመምዎ ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሆናል?” ነው የሚሉት። እኔ ከሦስተኛ ክፍል የወጣሁ ሴት፣ ራስ ምታቴ አራት አምጥቶ አለፈ።

ቤታችን አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ወንዝ ስላችሁ ዓሣ እንዳታስቡ፤ ፋብሪካ ሲያጥብ የዋለበት ሁሉ የሚወርድበት ነው። ጠዋት ቀይ፣ ከሰዓት ሰማያዊ ሆኖ አይተነዋል። እኛ በሱ ቆስጣና ሰላጣ እናጠጣለን፤ ቆስጣው ሳሪስ ድረስ ሄዶ ይሸጣል። እናንተም በልታችኋል። አትደንግጡ፣ አልፏል።

ይህን የሰማ ከባሕር ማዶ የሚረዳ አንድ ፕሮጀክት መጣልን። የወንዝ ዳር ሴቶች ጤናና መብት ነው ስሙ። ከወንዙ ገላችን ውስጥ የገባ መርዝ ይኖር እንደሆነ፣ ሌላም በሽታ ካለ፣ በሽንታችን ሊያዩ ነው። ስምንት ሴቶች ተመረጥን። ጢሙን ያሳመረ አንድ ዶክተር መጀመሪያ ወረቀት ያነብልናል፤ ያለመሳተፍ መብት አላችሁ፣ የማቋረጥ መብት አላችሁ፣ ጥያቄ ያለመመለስ መብት አላችሁ። ያን ያህል መብት በአንድ ጠዋት ተቀብዬ አላውቅም! ከዚያ በየስማችን የተጻፈበት ብልቃጥ ይዘን ወደ ቆርቆሮው ሽንት ቤት። ስንወጣ እጃችሁን ታጠቡ ተብለን ሳሙና እንሸለማለን። የቧንቧ ውሃችን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚመጣ የጠየቀን ግን የለም።

ውጤቱስ? እሱን የጠየቀችው ጫልቱ ናት። ጫልቱ አያቶቿ ይህንኑ መሬት ሲያርሱት የኖሩ፣ ዝምተኛ፣ ሰው ማስቸገር የማትወድ ሴት ናት። እግሯ ላይ አንድ ቁስል ወጥቶ አልድን ብሏት ነበር። “ጤና ጣቢያ ሂጂ እንጂ” ስላት፣ “ምን አለፋኝ፣ እነዚህ የተማሩት ከኔ ወስደው የለ? ይነግሩኛል” እያለች ትጠብቃለች። በሁለተኛው ዓመት ሲመለሱ፣

“ዶክተር፣ የኔ ምን አለ?” አለችው።

“እማማ፣ ውጤቱ ምስጢር ነው። የናንተን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን።”

እማማ ያላት የኔን እኩያ ነው፤ እሱን ልተወው። ምስጢሩን የሚጠብቀው ከማን መሰላችሁ? ከኛ! የገዛ ሽንቴን ምስጢር ከኔው የሚደብቅልኝ ሰው ከዚህ በፊት ተወልዶ አያውቅም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጡ ነው ሲባል ታከተኝ። “ስሙ እናንተ፣” አልኩ፣ “ለማይነገረን ነገር ስምንታችን ምን አንገላታን? ጫልቱ ለሁላችንም ትበቃለች!” እንዴት አትበቃ? ውሃ በጆግ አንስታ የምትጨርስ፣ ሽንት ቤቱን ከኛ ሁሉ ይዛው የምትውል፣ “ግመሏ” ብለን የምንጠራት ሴት! እሷም ከት ብላ ሳቀች። በማለዳ አንድ ትልቅ ሃይላንድ ሞልታ ሽንት ቤቱ ጥግ አስቀመጠችልን። እኛ ተራ በተራ እየገባን እንደ ጠላ ቀድተን ወጣን። ተመሰገንንም።

በሳምንቱ መኪናው አቧራውን እያስነሳ ከተፍ! በሁለት ዓመት ያልመጣ ውጤት በሰባት ቀን። ዶክተሩ እንደ ሙሽራ ፊቱ በርቷል።

“እናቶች፣ ስምንታችሁም ላይ ከባድ ስኳር ተገኝቷል። ስምንት ከስምንት! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም!”

ሀዘኑን ሊያሳየን ይሞክራል፤ ደስታው ግን ከጢሙ ሥር እያመለጠ ይወጣል። ስምንት ብልቃጥ ቁርጥ አንድ ዓይነት ሲሆን የማይጠረጥር ትምህርት፣ እኔስ እንኳን ቀረብኝ። በሦስት ወር ውስጥ ትልቅ ጥናት ይጀመራል አለን። “እስከዚያ ታዲያ ማናችሁም መድኃኒት እንዳትጀምሩ፤ ጥናቱን ያበላሽብናል።”

ሴቶቹ ሳቃቸውን ለማፈን ነጠላቸውን ነክሰዋል። እኔም ነክሼ ነበር፤ ጫልቱን እስካይ። አንገቷን ደፍታ እግሯን ታያለች። ያ ሁሉ ውሃ፣ ያ ሁሉ ምልልስ፣ ያ ቁስል። ግመሏ እያልን ስንስቅበት የኖርነው ለካ በሽታዋ ነው!

ክው አልኩ። ሦስት ወር? ያ እግር ሦስት ወር ይጠብቃል?

“ዶክተር፣” ብዬ ተነሳሁ፣ “ስምንቱም የሷ ነው።”

“ምኑ?”

“ሽንቱ! ከአንድ ሃይላንድ ነው የቀዳነው።”

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድበኝም አይፈረድበትም። እሱ ግን መርዶ እንደ ተረዳ ሰው ፊቱ ጠቆረ። “ስለዚህ የታመመችው አንድ ብቻ ናት?” አለ።

“አንድ።”

“አንድ ሰውማ ጥናት አይሆንም።”

ሰማችሁልኝ? ስምንት ስንሆን ዓለም ጉድ ሊል ነበር፤ አንድ ስንሆን የወረቀት ብክነት ሆንን። ለጫልቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ዕቃውን ሰበሰበ። ያን ሁሉ ዘመን ምስጢር ሲባል የኖረውን ውጤት፣ የስምንታችንንም ወረቀት፣ “ከእንግዲህ አይጠቅመንም” ብሎ አግዳሚው ላይ ጥሎት ሄደ። የማይጠቅም ሲሆን ጊዜ የኛ ሆነ! ወንዙ ውስጥ ያለውን ነገር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ እዚያ ላይ የኛም እጅ አለበት፣ አልክድም።

በነጋታው ጫልቱን ይዤ ጤና ጣቢያ። ስምንቱንም ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራለች። “ያንቺ ብቻ ይበቃል” ብላት ወይ ፍንክች። ነርሷ ወጣት ናት፤ ወረቀቶቹን ፈትታ አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ስምንት ስም፣ ስምንት ዕድሜ፣ አንድ ስኳር። ደግማ ገለጠች። ቀና አለችና፣

“እናቴ፣ ከነዚህ ውስጥ የትኛዋ ነዎት?” አለቻት።

ጫልቱ፣ ያቺ ድምፅዋ ከጓዳ የማይወጣ ጫልቱ፣ ቁስለኛ እግሯን ወደፊት አቀረበችና ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ እንዲህ አለች፦

“ስምንቱም እኔ ነኝ፣ ልጄ፤ አንዴ ብታክሚኝ ግን ይበቃኛል።”