ሠርኬ «ተመስገን» አልልም ያለችበት ቀን

በዘመነ ሉቃስ፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ፣ የጭድ ተራው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት የሆነው ይህ ነው። ወይዘሮ ሠርኬ፣ እመቤተ ሳሙና፣ መዋዒተ እድፍ፣ የሰው ጋቢ አጥባ የምታድር፣ ገንዳው ከተተከለ ጀምሮ አንድ ቂም ይዛ ኖራለች፤ ያሠራው የበጎ አድራጎት ማኅበር በአንድ ዘንካታ ፈረንጅ ቁመት ለክቶ ስላቆመው፣ ለእሷ ደረቷ ላይ ይደርሳል፣ ውሃው በእጅጌዋ ገብቶ በብብቷ ይወርዳል፣ ትከሻዋም ሌት ተቀን ይጠዘጥዛታል።

ወእምዝ በየዓመቱ ዶክተር ዘውገ ይመጣ ነበር፣ ሊቀ ሊቃውንት ዘልማት፣ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተማረ፣ የተሠራው ሥራ ሕዝቡን ጠቀመ አልጠቀመም ብሎ የሚመዝን። ጉድጓድ ቢቆፈር፣ ዶሮ ቢታደል፣ ሄዶ «እንዴት ናችሁ? ተመቻችሁ?» ይላል፤ ሰውም እንግዳ ፊት ማማረር ነውር ነውና «ተመስገን!» ይላል፤ እሱም «ተሳክቷል» ብሎ ይጽፋል። በዚሁ ተመስገን ላይ እየተረማመደ ከብስክሌት ወደ ቮልስዋገን ወጣ።

ዘንድሮ ግን ወሬ ተሰማ፤ አሁንም «ተሳክቷል» ከተባለ ገንዳው እንዲሁ ሊጸና፣ አምሳያውም አብነት ሰፈር ሊተከል ነው። ሠርኬ ይህን ሰምታ ነጠላዋን አገልድማ ተነሣች፤ ተከተሏትም፦ በርበሬ ነጋዴዋ ጠሂራ፣ የወሎ ልጅ፣ ከነጆንያዋ፤ ልብስ ሰፊው ዘይኑዲን፣ ሜትሩን እንደ ኒሻን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፤ ጎረቤቷ አስናቀችም፣ እሷ እንኳ የተከተለቻት ልታስቀራት ነው።

ዶክተሩ ገንዳው ዘንድ መጥቶ እንደ ልማዱ ጠየቀ። ሕዝቡ አፉን ለተመስገን ሲከፍት፣ ሠርኬ የጠሂራን ጆንያ ረግጣ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ወጣችና አዋጅ ነገረች፦

«የጭድ ተራ ሰው፣ ስማኝ! ፈጣሪዬን ቤተ ስኪያን ሄጄ አመሰግነዋለሁ፤ ይኼን ገንዳ ግን ፈጣሪ አልሠራውም! እኔ ደህና አይደለሁም! ከእንግዲህ ስለዚህ ገንዳ ተመስገን የሚል መጥቶ ጋቢውን እሱ ይጠብልኝ! ጋሼ ዶክተር፣ እርስዎም ይጻፉት!»

አስናቀች ፊቷን ሸፈነች። የዶክተሩም እስክሪብቶ እንዲህ ያለ መልስ ለምዶ ስለማያውቅ ቀጥ አለ። ወእምዝ ግድቡ ተናደ፤ ጠሂራ ስለ ገንዳውም ስለ ምራቷም፣ ዘይኑዲን ስለ መንጋጋው፣ አስናቀች ራሷ ስለ ባሏ ኩርፊያ፣ ሁሉም ደህና አለመሆኑን እየተጋፋ ተናገረ፤ ዶክተሩም በመጨረሻ ከመካከላቸው ሆኖ አዋጅ አወጣ፦

«ጻፍኩ፣ እትዬ! አልተሳካም! ገንዳው እስከ ወገብ ይውረድ፤ የአብነቱም ካልወረደ አይሠራ! አሁን ግን አሳልፉኝ!»

ሰላም ለትከሻሽ፣ ሠርኬ ሆይ፣ የሰፈሩን ጋቢ ሁሉ ለተሸከመው። ሰላም ለጉልበትሽ፣ ከገንዳው ጫፍ ላይ ላልተንቀጠቀጠው። ሰላም ለአፍሽ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንግዳ ቆሞ እየጠበቀው፣ ደህና ሳይሆን ደህና ነኝ ላላለው።