ለመታየት የተቀመጠው

(ሐዋሳ መናኸሪያ፣ ረፋድ። የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ሰው እስኪሞላ ቆሟል። በቅርቡ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ተፈራ፣ መስኮቱን ይዞ ከተቀመጠው ጎልማሳ፣ ከክብሩ ጋር ክርክር ገጥመዋል።)

ተፈራ፦ እስቲ ንገረኝ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ያህል ነው?

ክብሩ፦ ጋሼ፣ መስኮቱን ልቀቅ ነው ያሉኝ። ዕድሜን ምን አመጣው?

ተፈራ፦ ዕድሜ ማለት ያየኸው ነዋ! ለማየት ደግሞ መስኮት ያስፈልጋል። አንተ እንደሆንክ አንዴም ወደ ውጭ አላየህም።

ክብሩ፦ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ለማየት አይደለም፤ ለመታየት ነው።

ተፈራ፦ (ለራሳቸው) ምስኪን! (ጮክ ብለው) ስማ ልጄ፣ መንገድ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያ ጊዜህ ነው?

ክብሩ፦ ኧረ የለም፤ ዛሬ እንኳ ሦስተኛዬ ነው።

ተፈራ፦ ዛሬ? ገና አራት ሰዓት'ኮ ነው!

ክብሩ፦ ማለዳ ሞያሌ ተሳፈርኩ፣ ቀጥሎ ዲላ፣ አሁን አርባ ምንጭ።

ተፈራ፦ ሞያሌ ብቻውን የሙሉ ቀን መንገድ ነው! ርቀት የሚባል ነገር ያስተማረህ የለም?

ክብሩ፦ እኔን አልራቀኝም። ከአውቶቡስ አውቶቡስ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

ተፈራ፦ ወይ ጉድ! በል አዳምጠኝ። አርባ ምንጭ ስትደርስ ሁለት ሐይቅ አለ፤ ዓባያና ጫሞ። ዓባያን ያቀላው ደለል ነው። በመካከላቸው ኮረብታ አለ፤ የእግዜር ድልድይ ይሉታል።

ክብሩ፦ እዚያ ላይ ነፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል አሉ። የእርስዎን አልነጠቀም?

ተፈራ፦ የእኔን... እንግዲህ ነፋሱን ካርታ አያሳይም።

ክብሩ፦ ካርታ?

ተፈራ፦ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። በሽኝቴ ቀን ታቢታ የምትባል ተማሪዬ ተነሥታ፣ «የዓባያ ውኃ እጅ ሲነክሩበት ይሞቃል ይቀዘቅዛል?» አለችኝ። ጥልቀቱን ነገርኳት። «እሱንማ መጽሐፉም ይላል» አለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው አፍ አፌን ሲያየኝ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ዛሬ ልነክር ነው የምሄደው።

ክብሩ፦ ሳያዩ ነዋ ያስተማሩት!

ተፈራ፦ ልሄድ ባልኩ ቁጥር አንዴ ፈተና፣ አንዴ እርማት፣ አንዴ ጉንፋን። እውነቱን ከፈለግህ ፈርቼ ነው። ዓለም እኔ እንዳስተማርኳት ሆና ባትገኝስ? ተወው፤ አንተስ ስትሄድ ምን አየህ?

ክብሩ፦ እኔ? ከዚህ ግቢ በር ወጥቼ አላውቅም።

ተፈራ፦ ሦስተኛዬ ነው አላልክም?

ክብሩ፦ መሳፈሬ ነዋ! ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ማን ይገባል? እኛ ተከፍሎን ቀድመን እንቀመጣለን፤ መንገደኛው «ሊሞላ ነው» ብሎ ይገባል። እውነተኛው ተሳፋሪ ሲመጣ እንነሣለን። እርስዎንም ያስገባዎት በመስኮቱ የታየዎት የእኔ ጭንቅላት ነው።

ተፈራ፦ እኔ'ኮ እንዳያመልጠኝ ብዬ እየሮጥኩ ነው የገባሁት!

ክብሩ፦ አይዞዎት፤ የተማረ ሰው ደግሞ ከሁሉ ፈጥኖ ነው የሚሮጠው።

ተፈራ፦ ታዲያ የነፋሱን ወሬ ከየት አመጣኸው?

ክብሩ፦ ከሚመለሱት። ያው አንድ ነን ጋሼ፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን ሌላውን ሰው መንገድ ስናስገባ ኖርን። ልዩነቱ እኔ በቀን ሦስቴ እሳፈራለሁ፣ እርስዎ በሠላሳ ስድስት ዓመት አንዴ።

(ሻንጣ የያዘች ሴት ትገባለች። ክብሩ ወንበሩን ይለቅላታል። ሞተሩ ይነሣል።)

ተፈራ፦ (እጁን ይዘው) ቆይ ልጄ! ትኬቱን ውሰድ። አንተ ሂድና ነክረህ ንገረኝ።

ክብሩ፦ አሁንም ከሰው አፍ ሊማሩ ነው? (ይስቃል) ይልቀቁኝ፤ ሻሸመኔ እየጠበቀችኝ ነው። (ዘሎ ይወርዳል።)

(በሩ ይዘጋል። አውቶቡሱ ከግቢው ይወጣል። ረዳቱ ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል።)

ተፈራ፦ ረዳት! ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ!... እባካችሁ አውርዱኝ!

(ያወረዳቸው የለም።)