ሽማግሌ የላክሁበት ጭራቅ

መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ይሄን ቆሞ የሚያነብ ሰው ወገቡን ያመዋል፤ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱኝ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ በገዛ ልጄ ፊት ተዋረድኩ። ያዋረደኝ ደግሞ ብርቱካን ነው።

አዎ፣ ብርቱካን! ፍሬው።

ግን ነገሩ ዛሬ አልጀመረም። ስለዚህ ወደ ፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ይዣችሁ ልመለስ። ወጣት ነበርኩ፣ ፀጉር ነበረኝ። (ፎቶ አልለጥፍም፤ ዝም ብላችሁ እመኑኝ።)

ያኔ የምኖረው ስዊድን፣ ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር፣ ኪራይ ቤት ነው። ቀን ቀን ፍሌሚንግስቤሪ ባለው ሆስፒታል የበሽተኛ አልጋ እገፋለሁ። ከሥራ መልስ ግን ደራሲ ነኝ!

የምን ደራሲ? የሆረርና የሳይንስ ፊክሽን። በአማርኛ። በስቶክሆልም።

እባካችሁ አትሳቁ፣ ገና ምኑ ተነካና።

"ደም የጠማው አሳንሰር" የኔ ነው። "ከሳተርን የመጣችው ሙሽራ"ም የኔው ናት። በእጄ እጽፋለሁ፣ ፎቶኮፒ አደርጋለሁ፣ በስቴፕለር እመታለሁ፣ ከዚያ ወስጄ ሐጂ ይማም ሱቅ አስቀምጣለሁ።

ሐጂ ይማም የወሎ ሰው ናቸው። ብሬዴንግ ውስጥ የአገር ቤት ቅመም ይሸጡ ነበር። መጽሐፎቼን ከበርበሬው አጠገብ ደርድረውልኝ ነበር። አንዳንድ አንባቢ "እንባዬ እየወረደ ነው ያነበብኩት" ሲለኝ በደስታ እንቅልፍ አጣ ነበር። በርበሬው እንደሆነ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ያልተሸጠውን ሐጂ ኮረሪማ ይጠቀልሉበታል። እኔ ይሄንንም ስርጭት ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ሐጂ አንዷንም ገጽ አላነበቡም። ግን ሱቃቸው የገባን ሰው ሁሉ "ይሄ ልጅ ደራሲ ነው" ሳይሉ አይሸኙም። እንዲህ የሚወድ ሰው ከየት ይገኛል?

አሁን ወደ ጭራቁ እንምጣ።

በኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ስብሰባ የማይቀሩ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ዶክተር ኑረዲን። ድሮ በተማሪነት መጥተው የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ የአፈር ተመራማሪ። ስብሰባው ሲያልቅ ከካፖርት ኪሳቸው ብርቱካንና ትንሽ ቢላዋ ያወጣሉ። ከዚያ በአፍንጫቸው እም… እም… እያሉ ቀስ ብለው ይልጣሉ። ልጣጩ እንደ ክር ይወርዳል። አንድ ቀን እንኳ ሲበጠስ አላየሁም።

ከመነጽራቸው በላይ እያዩህ ሲልጡ፣ ወላሂ ያስፈራሉ!

ደራሲ አይደለሁ? ጻፍኳቸዋ።

"ልጣጭ" ይባላል። ከጁፒተር የመጣ ጭራቅ የተማረ ሽማግሌ መስሎ ስቶክሆልም ይገባል። እንግዳ ይጋብዛል። ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩ ሳይበጠስ ካለቀ እንግዳው ስሙን ይረሳል። ቀጥሎ እናቱን ይረሳል። ከዚያ ጭራቁ ቅርጥፍ አድርጎ ይበላዋል።

በዚያው ሰሞን ነጃትን ተዋወቅኩ።

ነርስነት ትማር ነበር። አልጋ እየገፋሁ አሳንሰር ውስጥ ስገባ አየችኝና "ደም የጠማው አሳንሰር" የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። አዎ ስላት እስከ አምስተኛ ፎቅ ሳቀች። የሚፈራልኝ አንባቢ ስፈልግ የምትስቅ አገኘሁ። አለቀልኝ!

ትንሽ ከቆየን በኋላ፣ ምን እንዳደረግኩ ገምቱ። "ልጣጭ"ን ሰጠኋት።

ባቡር ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አነበበችው። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ድንገት ወረቀቱን አጠፈችው።

"ይሄ እኮ አባቴ ነው" አለችኝ።

ከባቡሩ ዘልዬ ልወርድ ነበር።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ነጃት ቁርጡን ነገረችኝ። እንድንጋባ ትፈልጋለች፤ ግን አባቷ እምቢ ካሉ እሷም እምቢ ናት። ስለዚህ ሽማግሌ ይላክ። ሽማግሌዎቹም ስለ ድርሰት ትንፍሽ እንዳይሉ። እወዳት ነበር፤ እሺ አልኩ።

ሽማግሌዎቼ ሐጂ ይማምና ጋሽ ሙሔ ሆኑ። ጋሽ ሙሔ አውቶቡስ ነጂ ናቸው፤ ሹክ ሲሉ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል። ለሁለቱም አስረግጬ ነገርኩ። ሆስፒታል ይሠራል በሉ፣ ይሰግዳል በሉ፣ አይጠጣም በሉ። ስለ ጽሑፍ ግን አደራ!

"አብሽር" አሉኝ ሐጂ።

የወሎ ሰው "አብሽር" ካለ አለቀ፤ ልብህ ያርፋል። ማረፉ ነው ያጠፋኝ።

ወግ አዋቂዎች እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ቤቱ ተቀምጦ ነው የሚጠብቀው። ግን የነጃት ቤተሰቦች ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስፖንጋ፣ ቪላ ቤት ነው ያሉት። ቀኑ እሑድ ነው፣ በረዶ ነው፣ የሐጂ ጉልበት ደግሞ ባቡርና አውቶቡስ መቀያየር አይችልም። መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ስለዚህ ሽማግሌዎቼን ራሴ ነድቼ ወሰድኳቸው። ሹፌርም እኔ፣ አግቢም እኔ!

ከቤቱ ራቅ አድርጌ አቆምኩና እንዳልታይ ወንበሩ ላይ ሸርተት ብዬ ተኛሁ።

ሰላማዊ ሰፈር ውስጥ መኪና ውስጥ ተኝቶ አንድ ቤት የሚሰልል ጥቁር ሰው! ውሻ የያዘች አሮጊት ስዊድናዊት ዞረችኝ፣ ደግማ ዞረችኝ፣ በመጨረሻ መስኮቱን አንኳኳች። ሰው እየጠበቅኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሚስት እየጠበቅኩ ነው አልኳት። እሷም ራሷን ነቀነቀችና ሴቶች ስንለብስ ጊዜ እንወስዳለን ብላኝ ሄደች። አላረምኳትም።

ሴትየዋ ከመሄዷ ነጃት በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

"ና። ይጠሩሃል።"

አግቢ ይጠራል እንዴ? የት አገር? እስከ በሩ ስንሄድ ከጓዳ ሆና የሰማችውን ነገረችኝ።

ሐጂ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ዶክተር አስቀመጧቸው፣ ብርቱካናቸውን አወጡ፣ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። ሐጂ ሆስፒታል ይሠራል አሉ። ዶክተር "እም" አሉ።

ያቺን "እም" ሐጂ እንደ ንቀት ቆጠሯት። ለሰው ሽማግሌ የሆነ ሰው ልጁ ሲናቅ ዝም ይላል? "ደግሞም ደራሲ ነው!" አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ለካስ "ልጣጭ"ን አዲስ ፎቶኮፒ አድርጌ የኋላ ወንበር ላይ ረስቼዋለሁ! ሐጂ ላዩ ላይ ተቀምጠውበት ሲመጡ አንዱን ሸጎጥ አድርገዋል። መደበቄ ትሕትና መስሏቸው ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ ሥራው አግቢውን ከፍ ማድረግ ነው። አይፈረድባቸውም።

ዶክተር እስቲ ትንሽ ይነበብ አሉ። ሐጂ መነጽር አልያዙም። ለጋሽ ሙሔ ሰጡ።

ለጋሽ ሙሔ! ያ ድምፅ!

ጋሽ ሙሔ ከጁፒተር ጀመሩ። ካፖርቱን አነበቡ። መነጽሩን አነበቡ። ቢላዋው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀስ አለ፣ ዓይናቸው ከወረቀቱ ላይ ወደ ዶክተር እጅ ሄደ። ዶክተር እየላጡ ነው። ልጣጩ ጉልበታቸው ድረስ ወርዷል። አልተበጠሰም።

ሐጂ በኋላ እንደነገሩኝ በዚያች ሰዓት የገዛ ስማቸውን በልባቸው ይደጋግሙ ነበር።

ገባሁ። ጫማዬን አወለቅኩ፤ አንዱ ካልሲ ቀዳዳ ነው። ሲመጣ እኮ አብሮ ነው የሚመጣው!

ዶክተር ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

"ጭራቁ እኔ ነኝ?"

አይደሉም ልል ነበር። ነጃትን አየኋት፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። መዋሸት አልቻልኩም።

"ብርቱካኑ የእርስዎ ነው ዶክተር" አልኩ። "መብላቱን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት።"

"እም" አሉ። ትንሽ ላጡ። "ጁፒተር ላይ አፈር የለም። ይሄ ጭራቅህ ምን ላይ ቆሞ አደገ?"

ቀዳዳ ካልሲዬን አየሁ።

ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጡ።

"ሌላም ያላወቅከው አለ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሰው ብርቱካን እየተላጠለት ተነስቶ አይሄድም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው አጠገቤ የሚቆየው እስክልጥ ድረስ ነው። ቀስ የምለው ለዚያ ነው።"



አፈርኩ። ከልቤ አዘንኩ። በየስብሰባው ከፊታቸው ተቀምጬ፣ ልጣጩ ሳያልቅ አውቶቡስ አለብኝ ብዬ የምሮጠው እኔ ነበርኩ። ያየሁት ቢላዋውን ብቻ ነው። ሰውየውን አላየሁም።

እንደ ወጉ የልጅት አባት ወዲያው መልስ አይሰጥም፤ ለሌላ ቀን ይቀጥራል። ሐጂ ለቀጠሮው ሊነሱ ሲሉ ዶክተር እጃቸውን አነሱ።

"ቀጠሮ አልሰጥም።"

ልቤ ካልሲዬ ቀዳዳ ውስጥ ወደቀ።

"ቀጠሮ ከሰጠሁ ትሄዳላችሁ" አሉ። "ልጄን ጠይቄያለሁ፤ ትፈልገዋለች። እኔም እሺ ብያለሁ። አንተ ግን ጭራቁን እንዳትገድለው።"

ክፍል ሁለት ላይ ላርደው ነበር እኮ!

ብርቱካኑን ፈለቀቁና የመጀመሪያውን ለኔ ሰጡኝ። በላሁት። ጣፋጭ ነበር። እየሳቅን፣ እየበላን፣ ሌላ ብርቱካን እየተላጠ እስኪመሽ ተቀመጥን። በመልስ ጉዞ ሐጂ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አድርገው ሙሉ ስሜን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ።

ቃሌን ጠበቅኩ። ጭራቁ እስከ ዛሬ አልሞተም። ስዊድንኛ ተምሯል፣ ሱቅ ከፍቷል፣ አያት ሆኗል። ዶክተር እስከ መጨረሻቸው ድረስ እያንዳንዷን ክፍል አንብበው አፈር አፈሩን አርመውልኛል። አላህ ይርሐማቸው፤ አሁን የሉም። ቢላዋቸው እኔ ጋ ነው።

እንግዲህ ዛሬ።

ልጃችን ሂክማ አንድ ወጣት ይዛ ለምሳ መጣች። ጨዋ ልጅ ነው፣ አገላብጬ አየሁት። ተበላ፣ ተሳቀ፣ ሊሄዱ ተነሱ።

እጄ በራሱ ጊዜ የብርቱካን ቅርጫቱ ውስጥ ገባ።

እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው! ልጁም ትልቅ ሰው ብርቱካን ሲልጥለት መሄድ ነውር መስሎት ተመልሶ ተቀመጠ። ላጥኩ። ቀስ ብዬ። መሃል ላይ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

እም… እም…

ከኔ አፍንጫ ነው የሚመጣው!

ሂክማ ሰዓቷን አይታ በስዊድንኛ "አባዬ፣ ባቡሩ" አለችኝ። አማርኛው ይገባታል፣ መልሱ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው።

ነጃት ከጓዳ በር ሆና ድሮ አሳንሰር ውስጥ የሳቀችውን ሳቅ ለቀቀችው። "ልጁን ልቀቀው፣ ስሙን ሳይረሳ!" አለችኝ።

ልጁ ግራ ገባው። ሂክማ ምን አለባት፣ የጭራቁን ታሪክ ከጁፒተር ጀምራ ተረጎመችለት። ልጁ ቢላዋውን አየ። እኔን አየ። በጣም በትሕትና ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። ክሩን እንኳ አላሰረም።

ልጣጩም ተበጠሰ።

እናንተዬ፣ ሰው ጭራቅ ሲጽፍ ስለራሱ እንደሚጽፍ በወጣትነቱ ማን ይንገረው?

ግማሹ ብርቱካን ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። አሁን እኔም የምኖረው ስፖንጋ ነው፤ አካባቢው ያላችሁ፣ ማን ይመጣል? አልበላችሁም። ቀስ ብዬ መላጥ ብቻ ነው።