በራሳቸው ፈቃድ

እኛ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል፤ ረፈድ ሲል ፍርድ ቤት አካባቢ ብቅ ብሎ ማን ከማን ጋር በመሬት እንደተካሰሰ ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ ከቢጤዎቹ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጦ የጡረታ ጭማሪው መቼ እንደሚመጣ ይከራከራል። ጉልበቱን ቅባት ያሻል። ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ የሚነሣ ግን የለም። እኔ ተነሣሁ፤ ያውም በስልሳ አንድ ዓመቴ።

ምን ነካህ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድሮውንም ደራሲ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር። በመምህርነት ከኖርሁበት ዘመን ሃያ ሁለቱን ዓመት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርሁ። የእድር ጸሐፊ ሥራው መዝገብ መያዝ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲሞት፣ ፍትሐቱ አልቆ አፈር ከመልበሱ በፊት፣ የሕይወት ታሪኩ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ያን የሚጽፈውም የሚያነበውም እኔ ነበርሁ። እና ልንገራችሁ፣ እኔ የጻፍሁለት ሙት ሁሉ ደግ ነበር። ሁሉም ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ። የሦስት ጎረቤቶቹን ወሰን ገፍቶ በሦስቱም የተከሰሰውን ሰውዬ «ለእርሻ ሥራ ልዩ ፍቅር ነበራቸው» ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ከጠጅ ቤት በሸክም ስናመላልሰው የኖርነውን «ጨዋታ አዋቂና ተግባቢ» ብዬዋለሁ። ሕዝቡ ያለቅሳል፤ ዘመድ አንገቴን አቅፎ ያመሰግነኛል። ከዚህ ወዲያ ደራሲነት ምንድን ነው?

ባለቤቴ ይታይሽ ግን አንድም ቀን አመስግናኝ አታውቅም። ከቀብር ስንመለስ ነጠላዋን ሳታወርድ ትጀምራለች።

«ለእርሻ ልዩ ፍቅር ነበራቸው? አይ የኔ ጌታ! ሚስቱን ጨው እንኳ ቆንጥሮ ነበር የሚሰጣት። ግን እኮ በሬው የታመመ ጊዜ አንገቱን አቅፎ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቸዋለሁ።»

አያችሁት? እኔ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ የቀበርሁትን ሰውዬ እሷ በሁለት ቃል ከመቃብሩ አንሥታ ደጃችን ላይ ታቆመው ነበር። እኔ ግን ይኸ ሁሉ የሴት ወሬ ይመስለኝና ምሳዬን እበላ ነበር።

የእድሩን ሥራ ለተተኪዬ ሳስረክብ አንድ ነገር አደረግሁ። ያን ጊዜ ነገር ሁሉ በቅጽ ነበር። ሰው ይሠለጥንና ቅጽ ይሞላል፤ ይገመገምና ቅጽ ይሞላል፤ አንድ ለአምስት ይደራጅና ቅጽ ይሞላል። እኔም ከዘመኑ ላለመቅረት ለሙታን ቅጽ አዘጋጀሁላቸው። በኮምፒዩተር አስጽፌ፣ ስምና ቀን የሚገባበትን በነጠብጣብ ትቼ፣ አንዱን ለወንድ፣ አንዱን ለሴት። በሴቶቹ ቅጽ ላይ እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በአባታቸው ቤት በእንክብካቤ አድገው፣ ዕድሜያቸው ለጋብቻ ሲደርስ በራሳቸው ፈቃድ ትምህርታቸውን አቋርጠው ትዳር መሠረቱ።» ይህችን ስጽፍ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ለስንቷ ሴት ትሆናለች! እባካችሁ አስታውሷት፤ እመለስባታለሁ።

ተተኪዬ ምናለ ይባላል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ትሑት፣ ሥራውን አክባሪ። (ይኸ ቅጽ አይደለም፤ እውነቱን ነው።) ቅጹን በሁለት እጁ ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት።

እንግዲህ እጄ ባዶ ሲሆን ጊዜ ልብ ወለዴን ጀመርሁ። በዚያው ሰሞን ቡሬ ላይ አንዲት ወጣት መምህርት ለጀማሪ ጸሐፊዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ታስተምራለች ሲባል ሰምቼ፣ ምዕራፍ አንድን በፖስታ ከትቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከበቆሎ ጆንያ ጋር ተጣብቄ ሄድሁ። መምህርት ሰላማዊት የመጨረሻ ልጄን ታክላለች። ወረቀቴን ተቀብላ አነበበች፤ ገልበጥ አድርጋ ደግማ አነበበች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኚህ ሰውዬ መቼ ነው የሞቱት?»

«ኧረ አልሞቱም! ዋናው ገጸ ባሕርይ እኮ ናቸው።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ባለታሪኬ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወልደው፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ ደግ፣ ሩኅሩኅና ሰው አክባሪ ሆነው ጨርሰዋል። ሌባው ሳይቀር «በሌሊት ገብተው በሬ ወሰዱ» ተብሎለታል። ምንም የሚፈልጉት፣ ምንም የሚያፍሩበት ነገር የለም። ቀብሬያቸው ነው የመጣሁት።

«የቤት ሥራ ልስጥዎት» አለችኝ። «የሚወዱትን አንድ ሰው ይምረጡ። ስለ ጉድለቱ ብቻ ይጻፉልኝ። ምስጋና የለም።»

በዚያ ወቅት ይታይሽ ጉበቷን ታማ አልጋና በረንዳ ተመላላሽ ሆና ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ፣ እስክሪብቶዬን አውጥቼ፣ «እስቲ ጉድለትሽን ንገሪኝ» አልኋት። ለስንት ዓመት አብራችሁ የኖራችኋትን ሴት እንዲህ ብላችሁ ብትጠይቁ ምን እንደሚመጣባችሁ አስቡት። እሷ ግን ሳቀች።

«ቂመኛ ነኝ። አታውቅም እንዴ? አንድ ክረምት ሙሉ ያላናገርሁህን ረሳኸው?»

አልረሳሁትም። አባቷ የሞቱበት ዓመት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ለእኔ ቃል አልተነፈሰችም፤ ምሳ ሲደርስ እንኳ «ቀርቧል» የምትለው ለበሩ ነበር። እኔ የአባቷ ሐዘን መስሎኝ ዝም ብዬ አሳለፍሁት።

«ሐዘን?» አለች። «ስድስተኛ ክፍል እያለሁ አባቴ ምን እንዳደረገኝ ነግሬህ የለም? ከክፍሉ አንደኛ ነበርሁ። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽማግሌዎች ተቀምጠው አገኘሁ። ደብተሬን ቀዶ ለቀፎ ጭስ አደረገው። በሳምንቱ ያ ወንድሜ በበቅሎ አፈናጦ ወስዶ ለማላውቀው ሰውዬ አስረከበኝ። ሦስት ወር ችዬ ጠፍቼ መጣሁ። ይኸን ሁሉ ታውቃለህ። አባቴ የሞተ ጊዜ ግን አገሬ ፈረስ ቤት ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ እኔም እዚያው ቆሜ፣ ‹ልጆቻቸውን ለትምህርት ያበረታቱ ነበር› ብለህ አነበብህ።»

ነግራኝ ነበር። ሁሉንም አውቅ ነበር። የጻፈው እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እሷ አላመነችኝም፤ ልክም ነበረች። ያን ዕለት እንደ ትልቅ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አቅቶኝ አንገቴን ደፍቼ መጻፍ ጀመርሁ።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አራት ገጽ ነው። መምህርት ሰላማዊት አንብባ ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ ይህች ሴት አለች» አለችኝ። ይህን ሰምቼ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ጆንያው ሁሉ ቀለለኝ። ለይታይሽም አነበብሁላት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችና፣ «ረቡዕ ብለሃል፤ ሐሙስ ነው ያልሁህ» ብላ አረመችኝ። ረቡዕን ሰርዤ ሐሙስ አልሁ። ከዚያ እጄን ያዘች።

«እኔ ስሞት የምታነበው ይኸን ነው።»

«እንዲህ አይባልም፣ ይታይሽ።»

«ይባላል። ደግ ነበረች አትበል፤ ደግ አይደለሁም። አባቴን አታሳምርብኝ። ስድስተኛ ክፍሌን ጻፍልኝ፣ ሌላው ይቅርብኝ።»

«እሺ» አልኋት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ዝናቡ ሲያስገመግም በዋለበት ቀን አረፈች። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም፤ አልችልበትም። በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ አቶ ይርሳው ከፈረስ ቤት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ያ በበቅሎ ወስዶ ያስረከባት ማለት ነው። አሁን ከዘራ የያዙ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌ ሆነዋል። «እኅቴ፣ እኅቴ!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ልብ ይሰብራሉ፤ ለቅሷቸው የውሸት አልነበረም። ጎኔ ተቀምጠው ትከሻዬን ያዙኝ።

«መምህር፣ የአባታችን ስም ከፍ ብሎ ይጠራ እንግዲህ። እሷም አባቷን ትወድ ነበር።»

አራቱ ገጽ በኮቴ የውስጥ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ማታውኑ አጥፌ ከትቻቸዋለሁ። «የማነበው እኔ ነኝ» ልል ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቷል። ምናለ መጣና ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ሐዘንተኛ ነዎት። ቅጹ አለ» አለኝ። አቶ ይርሳውን አየኋቸው። ከፈረስ ቤት ተነሥተው በጭቃ የመጡትን ሽማግሌዎች አየኋቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኚህን ሽማግሌ ላዋርድ? ደግሞስ ሬሳ ፊት? እንዲህ እንዲህ እያልሁ ምክንያት ደረደርሁ። ምክንያቱ ግን አንድ ነበር፤ ፈራሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ምናለ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው። «ወይዘሮ ይታይሽ ከአባታቸው...» አቶ ይርሳው ቀና አሉ። «በአባታቸው ቤት በእንክብካቤ አድገው፣ ዕድሜያቸው ለጋብቻ ሲደርስ በራሳቸው ፈቃድ ትምህርታቸውን አቋርጠው ትዳር መሠረቱ።»

እጄ ኪሴ ውስጥ ወረቀቱን ይዟል። ይዞት ቀረ። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ፤ መቼም ዓረፍተ ነገሯ ሰው እንድታስለቅስ ሆና ነበር የተጻፈችው። ከቀብር ስንመለስ ቤታችን በር ላይ፣ በልማድ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ የምትጀምረዋን ሴት ጠበቅሁ።

ከአርባዋ በኋላ ቡሬ ሄድሁ። መምህርት ሰላማዊት ወሬውን ሰምታ ኖሮ እጄን ይዛ አለቀሰች፤ አነበቡላት ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አንድ ነገር ገባኝ። ጉድለት ያለበት ሰው ይፈልጉ ስትለኝ እጄ ሚስቴ ላይ ነበር የሄደው። ሰውየው ለካ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ጨብጦ ቀብር ላይ የቆመው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እውነተኛ ታሪክ እያልሁ ውሸት ጻፍሁ፤ አንዲት እውነት ለማለት ልብ ወለድ መማር አስፈለገኝ፤ ተምሬም አላልኋት።

ልብ ወለዱ አሁን ምዕራፍ ሦስት ላይ ነው። በሐሙስ ይጀምራል። አሁንም ሚኒባሱ ውስጥ እታሻለሁ፤ አሁንም አንዳንዴ ሌባው «ወሰዱ» ይሆንብኛል። ያልቃል አያልቅም አላውቅም። ሰው ይህን ሙያ በወጣትነቱ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ የሚያነብለት ሰው ሳይሄድበት።

ባለፈው ሰሞን ምናለ ሱቅ ሄድሁ። ያችን ዓረፍተ ነገር ከሴቶቹ ቅጽ ላይ ላስወጣ ነበር። ቢያንስ ለሌላዋ ልድረስላት ብዬ ነው። ምናለ ወንበር ስቦልኝ፣ ትንሽ አፈር ብሎ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። የእርስዎንም ቀደም ብዬ ሞልቸዋለሁ። የሚቀረው ቀኑ ነው።»

ልቀየም? እንዲያውም አሳየኝ አልሁት። አነበብሁት። ደግ ነበርሁ። ሩኅሩኅ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ። መጨረሻው ላይ «ከባለቤታቸው ጋር አንድም ቀን ሳይቀያየሙ በፍቅር ኖረዋል» ይላል። እስክሪብቶ ስጠኝ አልሁት። ያችን መስመር ሰርዤ ከሥሯ ጻፍሁ፦ «አንድ ክረምት ሙሉ አላናገረቻቸውም። እውነት ነበራት። ስትሞት የለመነቻቸውን አንድ ነገር ፈርተው አላደረጉላትም።»

ምናለ አነበበው። ግንባሩ ቋጠር አለ።

«ይኸ... ይነበባል፣ ጋሼ?»

«ይነበባል።»

«እሺ» አለኝ። ወረቀቱን በክብር አጥፎ አስቀመጠው፤ እስከ በሩ ድረስም ሸኘኝ። የደረጃውን ጭቃ ለማለፍ ቆም ብዬ ዞር ስል፣ መሳቢያውን ከፍቶ አዲስ ባዶ ቅጽ ሲያወጣ አየሁት።

ምን ልበለው። ያስተማርሁት እኔ ነኝ።