ቁርስ አልበላም ያለችው እናት

ወይንሸት ትናንት ሌሊት ያየችው ሕልም ከቁርስ ይጀምራል። ሌላ ከምን ሊጀምር ኖሯል? ልጇ ኤልዳና ሁለት ዓመት ከሞላት ወዲህ በዚያ ቤት ጠዋት ማለት ጦርነት ነው። ገንፎ ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፤ ለቅንጬ ጥርሷን ትነክሳለች፤ የተጠበሰ እንቁላል ደግሞ ገና ሲታያት ታለቅሳለች። እናትየው ያልሞከረችው ዘዴ የለም፤ ማር ጨምራለች፣ ዘፍናለች፣ ማንኪያውን አውሮፕላን አድርጋ አብርራለች። «ልጄ በረሃብ ልታልቅብኝ ነው» እያለች እሷው ራሷ ከሳች እንጂ ልጅቷስ እንደ ጥጃ ትቦርቃለች። እናት ግን መቦረቅ አይታያትም፤ የሚታያት ያልተነካ ሳህን ነው። ትናንትም በዚሁ ሐሳብ ተኛች። እንቅልፍም ያንኑ ሐሳብ ገልብጦ አቀረበላት።

በሕልሟ ወይንሸት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እግሯ መሬት አይነካም፤ አንገቷ ላይ የልጅ መሐረብ ታስሮላታል። ኤልዳና ሽርጥ ታጥቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ወጥ ቤቱን ታምሰዋለች። የምድጃው እሳት ከጣሪያ ወደ ታች ይነዳል፤ ድስቱ ክዳኑ ላይ ተቀምጦ ይንተከተካል። ይህ ማንንም አልገረመም።

«ዛሬስ ምን ልሥራልሽ፣ የኔ እናት?» አለች ኤልዳና። በእውኗ ሁለት ቃል አገናኝታ የማትናገር ልጅ፣ በሕልሙ ግን ቤት ሙሉ ልጅ ያሳደገች ወይዘሮ ሆና ነው የምታወራው።

«ምንም አልፈልግም» አለች ወይንሸት፣ በራሷም ተገረመች። ልትል ያሰበችው «የሰጠሽኝን» ነበር። አፏ ግን ከሷ ጋር ተጣልቶ ነው መሰል፣ ይህን ብሎ ጥርቅም አለ።

ኤልዳና በረጅሙ ተንፍሳ በሩን ከፈተችው። ቁርሶቹ ውጭ ተሰልፈው ነበር። በዚያ አገር ምግብ ነው በላተኛውን የሚመርጠው። ፊት የገባው ገንፎ ነው፤ ቅቤውን አናቱ ላይ አስተካክሎ፣ እንደ ሽማግሌ እየተንጎማለለ መጣና ወይንሸትን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ዛሬም ይቺው ናት?» አለ።

«አንዴ ብቻ ተበላላት፣ በሞቴ!» አለች ኤልዳና።

«ትናንትም ይቺኑ ነው ያቀረብሽልኝ። ሰለቸችኝ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ጨጨብሳ «ሌላ ሰው ካልተቀላቀለባት አልፈልጋትም» አለች። እንቁላሉ ገና ከበሩ ወይንሸትን ሲያያት አለቀሰና ተንከባሎ ሄደ።

ኤልዳና ሆድ ባሳት። ወይንሸትን ከወንበሩ አውርዳ በአንቀልባ አዘለቻትና ወደ ጤና ጣቢያ ገሰገሰች። የወይንሸት እግር መሬት ለመሬት ይጎተታል። «ቀለልሽብኝ እኮ፣ እናቴ! ላባ ሆነሽብኛል!» እያለች ልጅቷ መንገዱን ሙሉ ታለቅሳለች። በመንገዱ ላይ አህዮች ባጃጅ ውስጥ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል፤ ሾፌሮቹ ከፊት ሆነው ይጎትታሉ። አንዱ አህያ አንገቱን አውጥቶ «ምን ሆነችብሽ?» ሲል ጠየቀ።

«ቁርስ አልበላ ብላኝ ነው።»

«የኔም ሰውዬ እንዲሁ ነው» አለ አህያው ራሱን እየነቀነቀ። «ገለባ እንኳ አይነካልኝም። ምን ዓይነት ዘመን መጣ!»

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሐኪሞችና ነርሶች ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ በሽተኞቹ ውስጥ ተቀምጠው «ቀጣይ!» ይላሉ። ከጣሪያው ላይ የሕፃናት መመዘኛ ተንጠልጥሏል። በመመዘኛው ሱሪ ውስጥ አንድ ቦርጫም ነጋዴ ገብቶ ዥው ዥው ይላል፤ ትንሽ ልጁ ከሥር ቆሞ «ጎሽ! ኪሎ ጨመረልኝ!» እያለ ያጨበጭባል። ኤልዳና በሰው አባት ቀናች።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ገና ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ነበር። ጡጦውን ከአፉ አውጥቶ ኤልዳናን ጠየቃት።

«ምን ምን አቀረብሽላት?»

«ያላቀረብኩት ምን አለ፣ ጌታዬ! አሸዋ በውኃ ለውሼ ሰጠኋት፤ ሳሙና አስነከስኳት፤ የአባቴን ካልሲ ሳይታጠብ፣ እንደ ትኩስነቱ አቀረብኩላት። ዘወር ብላም አላየችው።»

«ግድግዳስ? ግድግዳ አልላሰችም?»

«ግድግዳም እንቢ አለች።»

ሕፃኑ ደነገጠ። «ግድግዳ የማይወድ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። «ዜና ከፍተሽላትስ?»

«ከፈትኩላት። ይብሱን አፏን ገጠመች።»

«እንግዲያውስ ጅቡ ይጠራ!»

ጅቡ ተጠራ። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለሁሉም እጅ እየነሳ ገባ። ኤልዳና ጣቷን ቀስራ «ካልበላሽ አያ ጅቦ ይበላሻል!» አለቻት። ጅቡ ግን ወይንሸት ጆሮ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ «እባክሽ እመቤቴ፣ ዝም ብለሽ ብዪላቸውና ልገላገል» አላት። «እኔ ራሴ ቁርስ አይሆንልኝም።» ንግግሩን ሳይጨርስ ከውጭ የጅቡ ልጅ ድምፅ ተሰማ። «አባዬ! የት ገባህ? አፈር ስሆን፣ አንዲት አጥንት ብቻ!» ጅቡ አልጋ ሥር ገብቶ ተደበቀ። ወይንሸት ሳቋ መጣ፤ አፏ ዝግ ስለሆነ ግን ሳቁ በአፍንጫዋ ወጣ።

ኃላፊው ሕፃን አልሳቀም። «ሕግ ሕግ ነው» አለ። «አሁን፣ እዚሁ፣ አንዲት ጉርሻ ካልዋጠች ለሌላ ልጅ ትሰጣለች። ሰው በባዳ እጅ ሲሆን ይበላል።»

ኤልዳና መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። «ምን አጠፋሁ?» አለች እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች። «እጄ አይጥምሽም? ንገሪኝ እስቲ፤ ጨው አበዛሁ? አንቺን ለሌላ ከሚሰጡብኝ እኔን ይውሰዱኝ!»

ወይንሸት ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች፤ በየጠዋቱ ሳህን ስታነሳ እሷም በልቧ የምትጠይቀው ነው። «እጅሽማ ይጥማል፣ የኔ ዓለም» ልትላት ፈለገች። እንዳልራባት፣ አገር ምድሩ አፍ አፏን ሲያያት ጉሮሮዋ እንደሚዘጋ፣ ይህም አለመውደድ እንዳልሆነ ልትነግራት ፈለገች። ልጄን አጣኋት ብላ ፈራች፤ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ባላት ኃይል ሁሉ ከመንጋጋዋ ጋር ታገለች። አፏ እንደ ዛገ በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ።

ጤና ጣቢያው በእልልታ ቀለጠ። ነጋዴው መመዘኛው ላይ እንደተንጠለጠለ እስክስታ ወረደ። ጅቡም ከአልጋው ሥር አጨበጨበ። ገንፎው ከየት መጣ ሳይባል «እሺ፣ ለአንድ ጉርሻ ከሆነ ይሁን» ብሎ ኤልዳና መዳፍ ላይ ተቀመጠ። ትንሿ እጅ ወደ ወይንሸት አፍ ቀረበች፤ ሙቀቱ ከንፈሯን ነካው።

ነቃች።

አፏ እንደተከፈተ ነው። ፀሐይ መስኮቱን አልፋ አልጋው ላይ ወጥታለች፤ ባሏ ሥራ ሄዷል፤ ኤልዳና ከጎኗ የለችም። ወይንሸት በባዶ እግሯ ወደ ግቢው ሮጠች። ፊት ለፊት ባለው ቤት በረንዳ ላይ፣ ባልቴቷ ጎረቤቷ እትዬ ብርቅነሽ የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ቁርስ ያጎርሳሉ። ኤልዳና መሐላቸው ጉብ ብላለች። የጎረሰችውን ሳትውጥ አፏን ትከፍታለች። «ቅንጬ!» ትላለች። «ጨምሪ!»

ልጇ ትበላለች! ያውም ቅንጬ! ወይንሸት በደስታ ሮጣ ልትስማት ስትል እትዬ ብርቅነሽ ብድግ ብለው ክንዷን ያዟትና ወደ ጥግ ወሰዷት።

«አትቆጪያት፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ ዕቃ ስታጥቢ ሹልክ እያለች በየጠዋቱ ትመጣለች። አበላሏን ባይ ጊዜ ጨምሬ ጨምሬ አጎረስኳት። እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩሽ።»

«ኧረ እትዬ ብርቅነሽ፣ እኛ ቤት እኮ…»

«ተይው፣ ተይው፤ ማጣት ነውር አይደለም። የግቢው ሰው ተማክረን ግማሽ ኩንታል ስንዴ አዋጥተንላችኋል። ሲመሻሽ፣ ሰው ሳያይ፣ ባልሽን ላኪውና ይውሰድ።»