ጋሽ ራጉኤል ሳያዩት የወጣው ማስታወቂያ

መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ አላሳልፍ ባይ አያጣም። እሱ ከሌለበትማ ምኑን መሥሪያ ቤት ሆነ! እዚህ በስደት አገር፣ የሐበሻ ሰፈር በሆነው ጀፕ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለችው የማስታወቂያ ቢሮ ይህን ከባድ መንበር የያዙት ክቡር ጋሽ ራጉኤል ናቸው። የመጠጥ ማስታወቂያ ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት ከደንቡ ጋር የሚያመሳክሩት እሳቸው ናቸው፤ ካልፈረሙበት ማተሚያ ቤት አይሄድም።

ታዲያ መቼ ይፈርማሉ! "ደንቡ ምን ይላል?" ይላሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። ቢራ የያዘው ሰውዬ ፈገግ ካለ፣ "ደስታውን ከጠርሙሱ ያገኘ ይመስላል፤ ይውጣ።" ከበስተኋላው መኪና ከታየ፣ "ጠጥቶ ሊነዳ ነው፤ ይውጣ።" ኧረ መኪናው የቆመ ነው ሲባሉ፣ "ይነሳላ!" አንዴ የአርባ ዓመት ሴትዮ ፎቶ ቢቀርብላቸው፣ "ይቺ ደንቡ የሚጠይቀው ሃያ አምስት ዓመት አልሞላትም" ብለው ፓስፖርቷን አስመጥተዋል። ሴትዮዋ እስከ ዛሬ በየበዓሉ እየደወለች ትመርቃቸዋለች።

ንድፉን የምትሠራው ፍሬገነት ግን በእሳቸው አንጀቷ እርር ብሏል። ባለፈው መስከረም ዱካሞ ማስታወቂያ አዘዘ። ዱካሞ ጠጅ በጠርሙስ እያሸገ የሚያከፋፍል፣ የቢሮው ትልቁ ደንበኛ ነው፤ ለመስቀል ካልደረሰልኝ ብሎ ሰቅዞ ያዛት። ጋሽ ራጉኤል ደግሞ "ሰኞ አየዋለሁ" አሉ። ሰኞማ መስቀል ያልፋል! እሷም ምን ሊያዩበት ነው ብላ፣ ሳታሳያቸው ለማተሚያ ቤት ላከችው።

ፎቶው ዮቪል ሰፈር ከተደገሰ ክርስትና ላይ የተነሳ ነው። ሁሉም ብርጭቆውን ከፍ አድርጓል፤ ጠርሙሱ መሐል ላይ ያበራል። ፍሬገነት ሃያ ጊዜ አይታዋለች፤ ቀለሙን አስተካክላለች፣ ፊደሉን አሳምራለች። ክርስትና የተነሳው ሕፃን እናቱ ጭን ላይ ሆኖ፣ እጁን ወደ ጠርሙሱ ዘርግቶ እየሳቀ መሆኑን ግን ልብ አላለችም። እኛ ዘንድ ሕፃን የሌለበት ድግስ አለ እንዴ? ዓይናችን ለምዶታል። ደንቡ ግን አልለመደውም።

በሳምንቱ አቤቱታ ቀረበ፤ ማስታወቂያው ከየግድግዳው ተነቀለ። ዱካሞ በሩን በርግዶ ገባ።

"ማነው ይሄን ያሳለፈው? ለሕፃን ጠጅ ያጠጣል ተባልኩ እኮ! ያሳለፈው ሰው ከዚህ ቢሮ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ!"

ፍሬገነት ሥራዋን ካጣች የመኖሪያ ወረቀቷም አብሮ መሄዱ ነው። ያኔ ጋሽ ራጉኤል ቀስ ብለው ተነሡ።

"እኔ ነኝ ልጄ። ዓይኔ ደክሟል፤ አለፈኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! አንዲት ነጥብ ከቦታዋ ብትጎድል እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው፣ እሷ ላጠፋችው ስማቸውን ሰጡላት። ስታማቸው የኖረችው ሁሉ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ዝም ብትል ሥራዋ ይተርፋል፤ እሳቸው ደግሞ ቦርሳቸውን አንሥተዋል።

"ውሸታቸውን ነው!" አለች ፍሬገነት። "እሳቸው አላዩትም። ተደብቄ የላክሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ፣ ዱካሞ።"

ዱካሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። እልሁ በረደለት መሰል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ሁለታችሁንማ ካስባረርኩ ማን ይሠራልኛል?" አለ። ፍሬገነት እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

የተቆጡት ጋሽ ራጉኤል ናቸው።

"አንቺ ልጅ! በሰባ ዓመቴ አንዲት ውሸት ብሞክር፣ እሷንም ታርሚብኛለሽ?"