የጮኸችው ዶሮ ጠበቃ

የባዮሎጂ መምህር አንድ ክፉ አመል አለበት፤ ክፍል ውስጥ ሰሚ ያጣበትን ትምህርት ሰፈር ወስዶ ካላስተማረ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔ ከጎጃም ቡታጅራ ተመድቤ ከመጣሁ ወዲህ ተማሪ ከፈተና ማዳን አቅቶኝ ይሆናል፤ ዶሮ ግን ከቢላ አድኛለሁ። አትሳቁ።

ዶሮዋ የአከራዬ የእትዬ ዘሃራ ናት። እንቁላል መጣሉን ድንገት ተወችና አንድ ቀን ማለዳ ደረቷን ነፍታ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸች! ሴት ዶሮ ስትጮህ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፦ ሟርት ነው፣ ትታረድ። የእትዬ ባል አቶ ሸምሱ ቢላ መሳል ጀመሩ። እትዬ ግን ከጫጩትነቷ በእጃቸው ያሳደጓት ናትና አንጀታቸው አልቻለም። «መምህር፣ ይቺ ምስኪን ምን በደለች? የተማርከው አንተ ነህ፤ አንድ ነገር በል» አሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ ብል ምናለ! ሴቷም ወንዱም ከጥቂቱ በቀር የተሸከሙት ጂን ያው ነው፣ ልዩነቱ የትኛው ይሠራል የትኛው ተኝቷል ነው፣ እንቁላል የምትሠራበት አካሏ ስለታመመ የተኙት ነቅተው ነው አልኩ። ጂን ደግሞ እንደ እድርተኛ ነው፤ ጥሩምባው ሲነፋ ድንኳን ተካዩም ወንበር ተሸካሚውም አብሮ ይወጣል። ልብ የሚሠሩት ጂኖች በዶሮም በበሬም በእኛም ከጥንት ጀምሮ አብረው ይነሳሉ። እንስሳት ከዘመን ዘመን የተለያዩትም ብዙውን ጊዜ አዲስ ጂን አግኝተው ሳይሆን የድሮው በሌላ ሰዓትና በሌላ ቦታ ስለነቃ ነው።

አቶ ሸምሱ ቢላውን እንደያዙ በእሳቸውም ውስጥ የሴት ሥራ ተኝቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። በድል አድራጊነት ስሜት «እንዴታ!» አልኳቸው። ሱብሃነላህ ብለው ቢላውን ወደ ሰገባው መለሱ። ያን ዕለት በአስፋልቱ ላይ የሄድኩት እንደ ራስ ቢትወደድ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ጓሮ ጠሩኝ። በዚህ አገር ወንድ እንሰት ይተክላል እንጂ ለቆጮ አይፍቅም፤ መፋቅ የሴት ነው። እትዬ የእንሰት መፋቂያውን ለባላቸው ቢሰጧቸው እሳቸው ደግሞ መጀመሪያ ያስተማረው ይፋቅ ብለው ወደ እኔ አሳለፉት።

«ዶሮዋ ሳትማር ጮኸች» አሉ እትዬ ዘሃራ። «አንተ በዲግሪህ ይሄ ያቅትሃል?»

እግሬን ዘርግቼ ለሳይንስ ክብር ስፍቅ ዋልኩ፤ አቶ ሸምሱም አንገታቸውን ደፍተው ከጎኔ ተቀመጡ። የጎረቤት ሴቶች በአጥሩ አዩንና ባሎቻቸውን ለመጥራት ተበተኑ። ሳይንስ ቡታጅራ የገባው ያን ቀን ነው፤ የሰፈሩ ወንዶች ሰላምታ ከነሱኝ ግን ይኸው ሳምንቴ።